የብስኩቱ ቆርቆሮ

ነዚፍ ቤቱን ወሰደ፣
ጓሮውን ጨምሮ፤
ለእኔ የደረሰኝ
አሮጌ ቆርቆሮ፣
የብስኩት፣ ክዳኑ ላይ ፈረስ ያለበት፣
ዝገት አንድ እግሩን የቀረጠፈበት።
"ይሄስ?" ቢሉ ሽማግሎች፣ ሲያካፍሉን ሲመሽበት፣
"ለእሷ" አለ ነዚፍ፣
"ልብስ ሰፊ አይደለች? ቁልፍ ታኑርበት።"

ሂርማታ፣ ሱቄ ውስጥ፣ ደንበኛ ሲያልቅልኝ፣
በመቀስ ጫፍ ብፈለቅቀው
የደረቅ አገር ሽታ ከውስጡ ነፈሰብኝ።
አንድ መቁጠሪያ፣ ከተምር ፍሬ የተበሳ፣
ሠላሳ ሦስት መሆን ሲገባው በሁለት የሳሳ፤
አንድ ወረቀት፣ የቀይ መስቀል፣ ተጽፎ ሳይላክ የቀረ፣
"ደህና ነኝ። ላሟስ ወለደች?" ተብሎ በእርሳስ የተሞነጫጨረ፤
አንድ ደግሞ የቀበሌ፣ ማኅተሙ የፈዘዘ፣
"ተማም አባ ቢያ ተሰውቷል" ሲል
እናቴን ለለቅሶ ያዘዘ።
የራሱን መርዶ ነው አጣጥፎ፣ እንደ ደረሰኝ ያኖረ፣
ሰደቃው ሲበላ እሱ ብቻ ያልነበረ።

በሰማንያ ሲመጣ፣ አዌቱን በእግሩ ተሻግሮ፣
ጎረቤት "ጂኒ ነው" ብሎ ገባ በሩን ቀርቅሮ።
እናቴ ብቻ ወጣች። አየች አውራ ጣቱን፣
ማጭድ ያጎደለውን፣ የጥንት ምልክቱን።
"ላሟ ወለደች" አለችው።
ሌላ ምንም አልነገረችው።
(ይህን ወረቀት ሻምሺያ አላየችም፤
እስክትሞት አላየችም።)

ከታች ጣሳው ነበር። እሱን አውቀዋለሁ፤
ስንት ክረምት ሙሉ ከአሸንዳ ስር አይቼዋለሁ።
ሰማይ ሲጠቁር፣ ጅሬን ጉም ስትለብስ፣
አባቴ ሥራውን ጥሎ ወደ ደጅ ሲገሰግስ፣
ሞልቶ እስኪፈስ ይቆማል፤ አይጠጣው፣ አይደፋው፤
"አባ፣ ትበሰብሳለህ!" ስለው፣
"ተይኝማ፣ ልስማው።"

ጎኑ ላይ ጭረት አለ፣ በምስማር የተፋቀ፣
አርባ አንድ፣ እኩል ያልሆነ፣ አንዱ ካንዱ የራቀ።
ቀን ነው እንዳልል አነሰ፣ አሥራ አንድ ዓመት ታስሮ፤
ዓመት ነው እንዳልል በዛ።
"የተገረፈው ይሆናል" አለኝ ነዚፍ አቀርቅሮ።
እኔ ደግሞ በሆዴ፣ የሞቱ ጓደኞቹ ናቸው ብዬ ፈራሁ፣
በጣቴ እየዳሰስኩ፣ ለእያንዳንዱ ስም ፈልጌ አጣሁ።

በሙት ዓመቱ ከሰቃ አንድ ሽማግሌ መጣ፣
ባንድ ዓይኑ የሚያይ፣ ሻዩን አቀዝቅዞ የሚጠጣ።
አባ ሜጫ ይባላል። አብረው ታስረዋል፣ ግድግዳ ለግድግዳ።
ጣሳውን ሰጠሁት።
ገለባበጠው፣ እንደ አሮጌ ዕዳ።
ከዚያ ሳቀ፣ ጥርስ በሌለው አፉ።

"ዝናብ ነው" አለኝ። "አንቺ ልጅ፣ ዝናብ ነው እኮ!
ጣሪያው በጮኸ ቁጥር፣ እኩለ ሌሊትም ቢሆን፣
ምስማሩን ይዞ ይነሳል።
አሥራ አንድ ዓመት፣ አርባ አንድ ዝናብ።
እኛ የጅማ ልጆች
ያኔ ነው የገባን ረሃብ።
እኔ አርባ ሁለት ነው ባይ፣ እሱ 'ካፊያ አይቆጠርም'፣
ወር ሙሉ ተኳረፍን፤
ዛሬም ሐቄን አልተውም።"

ይኸው ሐምሌ ገባ። ከቀትር ጀምሮ አላባራም፤
ጫማውን በእጁ ያንጠለጠለ ሁሉ በሱቄ ደጅ ያልፋል።
ጣሳውን አሸንዳው ስር አኖርኩት፤
ምስማር አንስቼ ነበር፣ መልሼ አስቀመጥኩት።
በዚህ አገር ዝናብ ቢቆጠር
ለአንድ ክረምት ስንት ጣሳ ይበቃል?

ነዚፍ ደወለ። "ቤቱ አፈሰሰ፣ ፍራሼ ራሰ።
አባባ ይተኛበት ከነበረው በላይ
ቆርቆሮው ተበስቷል። ይገርምሻል፣ ሰው ነው፣
ሆን ብሎ፣ በምስማር።
ነገ አናጺ እጠራለሁ።"

"አትድፈነው" አልኩት።
"ጣሳ ይዤ እየመጣሁ ነው።"